ሜሀሉ መጣ ወይ?

ቤንዲጎ፣ አውስትራሊያ
ማርች 18 ቀን 1956

ለተከበሩ ወይዘሮ ሳቢና፣

እግዚአብሔር ጤናና ሰላም ይስጥልኝ። ልጅዎ ማክዳራም ደኅና ነው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የማርከስ ልጅ ኦኖር ነኝ። የእርስዎ አያትና የእኔ አያት ወንድማማቾች ነበሩ። በየገናው ካርድ ከመላላክ በቀር ተጻጽፈን ስለማናውቅ፣ ይህን ሲያዩ እንዳይደነግጡ ነገሩን ቶሎ ልንገርዎ። አባቴ በጃንዋሪ አረፈ። በአልጋው ላይ፣ ሁላችንም ከጎኑ ሆነን ነው የሞተው። አልተሠቃየም።

የማስቸግርዎ ስለ አንድ ቃል ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በቤት ውስጥ አይሪሽ ሲናገር ሰምተነው አናውቅም። ስንጠይቀው "ረሳሁት" ይለን ነበር። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሩልኝ አለና መንገዱን እያየ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀኝ ጀመር። "ሜሀሉ መጣ ወይ?" ይለኛል። ሻይ ስወስድለት ይጠይቀኛል፤ ትራሱን ሳስተካክልለት ይጠይቀኛል። ሜሀል የምትለዋ ቃል አልገባችኝም። ባለቤቴ ፐርሲ የሴት ስም ትሆናለች፣ አገር ቤት ትቷት የመጣት ኮረዳ ናት ብሎ ሳቀብኝ። አባቴ ግን እዚህ ሲመጣ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር።

አንድ ቀን ደክሞኝ ነበርና "አባዬ፣ ማንም አልመጣም። ተኛ" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

የደብራችን ቄስ የአየርላንድ ሰው ስለሆኑ ሄጄ ጠየቅኋቸው። "ጎረቤት ተሰብስቦ ሲሠራ ነው፤ ደቦ በይው" አሉኝ። ይህ ገብቶኛል። ግን ሊሞት የተቃረበ ሰው ደቦ ምን ያደርግለታል? እርስዎ አባቴ በተወለደበት መንደር ስለሚኖሩ ያውቃሉ ብዬ ነው። እባክዎ ሲመችዎ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ኦኖር


ደሪናቫ፣ ኮነማራ፣ አየርላንድ
ሜይ 13 ቀን 1956

ለእህቴ ለኦኖር፣

እግዚአብሔርና ማርያም ካንቺ ጋር ይሁኑ። የአባትሽን ነፍስ በብርሃን ቦታ ያሳርፍልን፤ አንቺንም ያጽናሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። እጄ ቶሎ አይጽፍም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ጸሎቴን እስካነብ ድረስ ብቻ ነው፤ አንድ መስመር ጽፌ ዶሮ አበላለሁ፣ ተመልሼ ሌላ መስመር እጽፋለሁ። ደግሞ "እርስዎ" እያልሽ አታርጂኝ። የአንድ ቤት ልጆች ነን።

ስለ ቃሉ የማውቀውን ልንገርሽ። እኛ ዘንድ ማገዶ የሚሆን ዛፍ የለም። ከረግረጉ ላይ ጥቁሩን አፈር እንደ ጡብ እየቆረጥን፣ በጋውን አድርቀን፣ በብርዱ ወራት እሱን እናነዳለን። አንድ ቤት ብቻውን ቢቆርጥ ሳይጨርስ ዝናቡ ይቀድመዋል። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ይወጣና ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የእኔን እያሉ መንደሩን ይዞሩታል። ሜሀል የምንለው ይህንን ነው። ድርቆሽ ሲሰበሰብም ሜሀል አለ፣ የባሕር ሣር ሲወጣም አለ። ቄስሽ ደቦ ማለታቸው ስሕተት የለውም። ሜሀል ጠሪ የለውም፤ ቀኑን ሁሉም ያውቀዋል። ክፍያም የለውም። ቤቲቱ ግን ታበላቸዋለች፤ ይኸኛው ቀላል እንዳይመስልሽ። የማን ዳቦ እንደጠነከረ፣ የማን ቅቤ እንደሳሳ ዓመቱን ሙሉ ይወራል። ናን የምትባለው ጎረቤቴ ሙሽራ ሳለች ሻይ አቅጥና ሰጥታቸው፣ የልጅ ልጅ ካየች በኋላ እንኳ "ናን፣ ዛሬስ ቅጠል ገብቶበታል?" ይሏታል።

መምህራችንንም ጠየቅሁልሽ። በድሮ መጻሕፍት ውስጥ ቃሉ የአጫጆች ቡድን ማለት ነው አለኝ። ባሕር ማዶ ያሉት የዌልስ ሰዎችም የእሱ ወንድም የሆነ ቃል አላቸው፤ እነሱም ዘንድ ማጨድ ከሚለው ነው የመጣው አለ። ይህን ስሰማ ብዙ አሰብኩ። በእኛ መንደር ድንጋይ እንጂ ከአንድ ማጭድ በላይ የሚፈልግ እህል በቅሎ አያውቅም። እህሉ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ቃሉን ሰዎቹ ይዘውት መጡ ማለት ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ እሱን ሳልጽፍ ልልከው ነበር። የሌላው መንደር እንዴት እንደሆነ አላውቅም። በእኛ መንደር በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ካለ ሜሀሉ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። የዚያ ቤት ማገዶ ሳይቆረጥ ማንም በራሱ መሬት ላይ አካፋ አያነሳም።

ዘንድሮ በደሪናቫ እስከ ዛሬ አንድ ጡብ አልተቆረጠም። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ሜሀሉ ደጄ ድረስ መጥቶ መልሼዋለሁ። እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ፣ ማለት እስከ ጁን መጨረሻ ካልተቆረጠ ደግሞ አይደርቅም። ናን ትናንት መጥታ ተቀመጠችና፣ ዘንድሮ ወንበሮቻችንን ልናነድ ነው፣ የእኔዎቹስ ድሮም የተሰባበሩ ናቸው ብላኝ ሄደች። ቄሱም መጥተዋል። ሌላው ግን አይለምነኝም፤ በመንገድ ሰላም ብሎኝ ያልፋል። ከልመናው ይህ ይከብዳል።

ስለ ማክዳራ ጠይቀሽኛል። ማክዳራ ባለፈው ኦክቶበር ሞቷል። ዛሬ ከዚህ በላይ አልችልም።

እህትሽ ሳቢና


ቤንዲጎ
ሜይ 27 ቀን 1956

ለውድ እህቴ ለሳቢና፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከዚህ ሌላ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ያለፈው ገና ማክዳራን እንኳን አደረሰህ ብዬ ካርድ ልኬለት ነበር። አንቺ ያን ካርድ ከፍተሽ ማንበብሽን አስበዋለሁ። ለምን አልነገርሽንም አልልሽም። ቁጭ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ።

ፐርሲ ካንቺ ደብዳቤ በኋላ መቀለዱን ትቷል። የአባቴ ክፍል ባዶ ነው፣ ትምጣና ከእኛ ጋር ትኑር፣ የመርከቡን ነገር እኔ አስጨርሳለሁ ይልሻል። እኔም እንደዚያ ነው የምለው። እዚህ ብርድ የለም። ማገዶ የሚለምንሽም ሆነ ማገዶ የምትለምኚው ሰው የለም። ልጆቻችን ሄደዋል፤ ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፊ ነው። አስቢበት።

አሁን የምጠይቅሽን በክፉ አትይብኝ። ሜሀሉን ለምን መለስሽው? መናገር ካልፈለግሽ ተይው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የራሴ ነው፣ እንቅልፍ ነስቶኛል። የአባቴ እናት እዚያው መቀበሯን አውቃለሁ። እነሱ አገር ለቀው የወጡት እሷ በሞተች በዓመቱ ነው፤ አባቴ የነገረን ይህን ብቻ ነው። እንዳልሽው ከሆነ ሜሀሉ መጀመሪያ ወደ እነሱ ቤት መሄድ ነበረበት። ታዲያ አባቴ እስኪሞት ድረስ ምን ይጠብቅ ነበር? ሜሀሉ አልመጣላቸውም እንዴ? ያን ዘመን የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ጠይቂልኝ።

"ማንም አልመጣም" ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምን እንዳልኩት ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሁሌ የማስብሽ ኦኖር


ደሪናቫ
ጁን 12 ቀን 1956

ለእህቴ ለኦኖር፣

የእግዚአብሔር ሰላም በቤትሽ ይሁን። ለፐርሲም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ያልሽኝን ሁሉ አንብቤ አልቅሻለሁ።

መጀመሪያ የእኔን ልጻፍልሽ፤ አለበለዚያ የአባትሽ አይገባሽም።

ፌስቲ የሚባል ጎረቤት አለን። ሚስት አላገባም፤ ቤቱ ከእኛ በታች ባሕሩ አጠገብ ነው። ማክዳራ ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሱ አይለይም ነበር። በኦክቶበር የፌስቲን የድንች መሬት የሚያዳብር የባሕር ሣር ሊያወጡ ሄዱ። ያም ሜሀል ነበር። ሣሩ ከደሴቶቹ ላይ ይታጨድና እንደ ትልቅ ክምር በገመድ ይታሰራል፤ ከዚያ የባሕሩ ሙላት ወደ ዳር ሲመለስ አንድ ሰው ላዩ ላይ ቆሞ በረጅም እንጨት እየገፋ ያስገባዋል። የሚቆመው ሁሌ ማክዳራ ነበር፣ ቀላል ስለሆነ። ንጉሥ በዙፋኑ መጣላችሁ እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ክምሩን ያሰረው ፌስቲ ነው። ነፋሱ ዞረ፣ ገመዱ ተፈታ፣ ሣሩ ከልጄ እግር ሥር ተበተነ። ፌስቲ እስከ አንገቱ ገብቶ ነበር፣ ሌሎቹ ጎትተው አወጡት። ማክዳራን ባሕሩ በሳምንቱ መለሰልን።

ገመዱ ለምን እንደተፈታ ማንም አላወቀም። ፌስቲም አላወቀም። እኔ ግን ያሰረውን እጅ አውቀዋለሁ።

በኤፕሪል መጨረሻ ሜሀሉ በመንገዱ ሲመጣ ከደጅ ሆኜ አየሁት። ሁሉም አካፋቸውን ተሸክመዋል። ሽማግሌው ባርትሊ ከፊት ነው፤ ዛሬ መቁረጥ ባይችልም የሚመራው እሱ ነው። ፌስቲ ከሁሉም ኋላ ነበር። የድንጋይ አጥሩ መግቢያ ላይ ቆምኩና፣ ሁላችሁም ግቡ፣ ፌስቲ ግን ይመለስ አልኩ።

ባርትሊ ኮፍያውን አወለቀ። "ሳቢና፣ ሜሀል አይመረጥም። ሙሉውን ይገባል፣ ወይም ሙሉውን ይመለሳል።"

"እንግዲያው ይመለስ" አልኩት።

ተመለሱ። ፌስቲ ሁሉም እስኪያልፉት መንገድ ዳር ቆሞ ጠበቀና ተከተላቸው። በኋላ እንደሰማሁት እኔ ልቅር፣ እናንተ ሂዱላት ብሏቸው ነበር። ባርትሊ ደግሞ አንተ ዛሬ ከቀረህ ነገ የሚቀረው ማን ነው ብሎ እንቢ አለው። ይህን ስሰማ ባርትሊንም ጠላሁት።

ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ ግን ያን ዘመን የሚያስታውስ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረም። አኩርፌው እያለሁ ሄድኩ። በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ጠፍተሽ ከረምሽ፤ ልትሰድቢኝ ነው ወይስ ልትጠይቂኝ?" አለኝ። ልጠይቅዎ ነው አልኩት። ያንቺን ጥያቄ እንዳለ ነገርኩት።

የነገረኝ ይህን ነው። የአባትሽ እናት ወሊድ ላይ ከነፅንሷ ነው የሞተችው። ምጡ ሲጠናባት አያትሽ ፓዲን ሐኪም ሊያመጣ ፈረስ ፍለጋ ወጣ። መንደሩ ውስጥ ፈረስ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፈረሱ አንክሷል ብሎ ከለከለው። እውነት ያንክስ አያንክስ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በጸደይ ሜሀሉ ሲመጣ ያ ሰው አብሮ መጣ። ፓዲንም ሁላችሁም ግቡ፣ እሱ ግን ይመለስ አለ። ሁሉም ተመለሱ።

ኦኖር፣ ይህን ሲነግረኝ ከጎኑ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

መንደሩ ጠበቀ። የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ አለፈ። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት እያፈረ ለየብቻው ወጥቶ የራሱን ቆረጠ። ዝናቡ ያዘው። ያን ዓመት ሁሉም ያነደደው እርጥብ ነበር፤ ባርትሊ በየቤቱ ጭስና ሳል ብቻ ትዝ ይለዋል። ፓዲንን ማንም አልሰደበውም። ግን ሰው ወደዚያ ቤት መሄድ ተወ፣ እሱም ወደ ሰው መሄድ ተወ። በሚቀጥለው ጸደይ ልጁን ይዞ ሄደ። በእኛ ቤት መሬቱ ስላልበቃቸው ሄዱ ነበር የሚባለው። ሌላ ነገር አይወራም ነበር።

ባርትሊና አባትሽ እኩዮች ናቸው። ያን በጋ አባትሽ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር። ባርትሊ በዚያ ሲያልፍ "ሜሀሉ መጣ ወይ?" ይለዋል። ባርትሊም ልጅ ነበርና ሮጦ ያልፈዋል።

"ታዲያ ደጄ ላይ ቆመው ሳሉ ይህን ለምን አልነገሩኝም?" አልኩት።

"ያን ዕለት ብነግርሽ ስድብ ይሆንብሽ ነበር። ዛሬ ግን አንቺ ጠየቅሽኝ።"

መምህሩ ስለ አጫጆቹ ያለኝንም ነገርኩት። ይሁን አለ፣ የድሮውን እሱ ያውቃል። ነገር ግን ቃሉ ማጨዱን አይልም፣ ቆረጣውንም አይልም፤ የሚለው ሰዎቹን ነው አለኝ። ሥራው ቢያልቅም እነሱ ያው ሜሀል ናቸው። አንዱን ካወጣሽ የሚቀረው ሜሀል ሳይሆን አካፋ የያዙ ሰዎች ነው አለኝ። እኔ ላንቺ ስጽፍ ስለ ሥራው ነበር የጻፍኩልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ስለው የኖርኩትን ቃል ግማሹን ብቻ ነበር የማውቀው።

አንቺ ደግሞ በዚህ ራስሽን አትቅጪ። ለአባትሽ የነገርሽው እውነቱን ነው። "መጥተዋል" ብትዪው ኖሮ ተነስቶ ጫማውን ይፈልግ ነበር፤ ያኔ ደግሞ መንገዱ ባዶ መሆኑን ራሱ ያየዋል። ፊቱን ማዞሩ ባንቺ ተቀይሞ አይመስለኝም። ከሰባ ዓመት ግድም ጥበቃ በኋላ የሚመልስለት ሰው አገኘ።

ወረቀቱን እዚህ ላይ አቆምኩት። ሳልልከው ብዙ ቀን ሰነበተ፤ አሁን ከመሳቢያ አውጥቼ እቀጥላለሁ።

ከባርትሊ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ስለ ፌስቲ አላሰብኩም። ያሰብኩት መስኮት ላይ ስለተቀመጠው ልጅ ነው። ፓዲን የራሱን ሐዘን ነበር የሚጠብቀው፤ ብርዱ ግን የሁሉም ሆነ። ናን ቤት የተወለደች ሕፃን አለች፣ ገና ጡት አልተወችም። ፓዲን እውነቱን ነበር፤ እኔም እውነቴን ነኝ። ይህን አሁንም እላለሁ። ግን እውነትን ይዞ መንደርን ለብርድ መዳረግ ይቻላል።

በማግስቱ ወደ ባርትሊ ተመለስኩ። ነገ ዳቦ እጋግራለሁ አልኩት።

"ለስንት ሰው?" አለኝ።

"ለሁሉም።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ኮፍያውን አንስቶ መንገዱን ጀመረ።

መጡ። ፌስቲም መጣ። ይቅር ያልኩት እንዳይመስልሽ። ቄሱ ስለ ይቅርታ ነግረውኛል፤ ገና አልመጣልኝም፣ ይምጣ አይምጣም አላውቅም። የመጣው ሜሀሉ ነው።

ቆረጣው የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ በአካፋው ይቆርጣል፤ ሌላው ፊት ለፊቱ ቆሞ እርጥቡን ጡብ ከአካፋው ላይ ይቀበልና ወደ ዳር ይወረውራል። የሚግባቡ ከሆነ እጅና አካፋ አይጋጩም፤ ካልተግባቡ ጣት ይሄዳል። ፌስቲ ሲቆርጥ የሚቀበለው ማክዳራ ነበር፣ አካፋ ለመያዝ ከደረሱ ጀምሮ። ያን ቀን ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲወርድ በፌስቲ ፊት ማንም አልቆመም። ጠልተውት አይደለም፤ ቦታው የሰው ነበር። ፌስቲ አንድ ጡብ ይቆርጣል፣ አካፋውን ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ብሎ ራሱ ያነሳል፣ ይወረውራል፣ እንደገና ይቆርጣል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋለ። ሰዎቹ ይቀላለዳሉ፣ የእኔን ዳቦ ያሙታል፣ ናንም እኔን ልታግዝ መጥታ ስለ ሻዩ የተለመደውን ተባለች። ወደ እሱ በኩል ግን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ሻይ ሳዞር ተራው ደረሰ። እጁን አየሁት። እንደ ማንኛውም ሰው እጅ ነው፤ ጭቃ ይዞታል።

"ሳቢና" አለኝ።

"ዳቦውን ውሰድ" አልኩት።

ወሰደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሜሀሉ መንደሩን እየዞረ ነው። የሁሉም ተቆርጧል ማለት ይቻላል። ሰማዩም እስከ አሁን ታግሦናል።

ቤንዲጎ ነይ ላልሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልመጣም። የተቆረጠው መገልበጥ አለበት፤ ከዚያ መከመር አለበት። አንቺ ግን ከፐርሲ ጋር አንድ ጊዜ ብትመጪ የአያትሽን ቤት አሳይሻለሁ። ጣሪያው የለም፤ መስኮቱ አለ።

ፌስቲ ራሱን መጨረሻ አድርጎ ነበርና ነገ የእሱ ቀን ነው። ከየቤቱ አንድ ሰው ይሄዳል። ከዚህ ቤት የሚሄደው ማክዳራ ነበር። አሁን ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ለሐዘኔ ብለው ትተውኝ ነበር። የልጄን ቦት ጫማ ሞክሬዋለሁ፤ ጨርቅ ከተጎሰጎሰበት ይሆነኛል። በጠዋት መነሳት ስላለብኝ እዚህ ላይ ልሰናበትሽ። የቤትሽ እሳት አይጥፋ።

እህትሽ ሳቢና